የጆንያ ፋብሪካችን በጭብጨባ የተዘጋበት ቀን

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ጥሩ ሰው አይደለሁም። ልጆቼ «እማዬ፣ ያለፈ ነገር ምን ይፈይድልሻል፣ ተይው» ይሉኛል። እነሱ ምን አለባቸው! ያኔ አልተወለዱም። እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመቴ፣ እጄን ታጥቤ ምግብ ልበላ ስቀመጥ እንኳ ትዝ ይለኛል።

ስሜ የሺመቤት ነው፤ ጂንካ ውስጥ ግን ሁሉም የሺ ነው የሚለኝ። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚሁ አግብቶ የቀረ ሰው ነበር፤ እናቴ ጨውና በርበሬ ትቸረችር ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ ሲገኝ ጆንያ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ፋብሪካ ስላችሁ የጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ቀድሞ የአንድ ነጋዴ ነበር፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ተወረሰና የመንግሥት ሆነ። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው፣ ሠራተኛውም ያን ያህል ብዙ አልነበረም። የአካባቢው ቡናና በቆሎ ግን የሚጫነው እኛ በሠራነው ጆንያ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ገበሬው በአጥሩ ዙሪያ የተከለውን የቃጫ ቅጠል ቆርጦ፣ ተሸክሞ ያመጣል። ሴቶቹ ይፍቁታል። የቃጫ ውሃ እጅ ያሳክካል፤ የፋቂዎቹ ክንድ እስከ ክርናቸው ቀልቶ ነው የሚውለው። የተፋቀው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ከዚያ ወደ ሽመና ማሽኑ ይገባል። እኔ የጆንያውን ጎን ከሚሰፉት አንዷ ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፤ ቤቴ ገብቼም እየጮህኩ ነበር የማወራው። እናቴ «ልጄ፣ እዚህ ነኝ፣ ጂንካ ሁሉ አይስማሽ» ትለኝ ነበር።

ማሽኖቹን የሚያውቃቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ማርቆስ። የአሪ ሰው ነው፣ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ የመጣ፣ አጥባቂ የወንጌል አማኝ፣ ቃል የሚቆጥብ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ከተጠየቀ መልሱ እስኪመጣ ዓመት ይፈጃል። ጋሽ ማርቆስ ያን አይጠብቅም፤ የተሰበረውን መወርወሪያ ከዋንዛ እንጨት ጠርቦ ይተካዋል፣ ጥርሱ ያለቀ መዘውር ሲገጥመው የወደቀ መኪና ብረት ፈልጎ ይሞርዳል። ምሳ እየበላ እንኳ የማሽኑ ድምፅ ከተቀየረ ጉርሻውን አስቀምጦ ይነሳል። ምን ሰማህ ሲሉት «ታሟል» ነው የሚለው፣ ስለ ሰው እንደሚያወራ።

አሁን ወደ ጭብጨባው ልምጣ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ከሥራ ይበዛ ነበር። ከሠራተኛው ግማሹ አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ «የምርት ኃይሎችና የምርት ግንኙነቶች» ሲባል ምን ይግባው! እውነቱን ለመናገር እኔም አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን አንድ ካድሬ ከጥዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ተናገረና ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ተኝተው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ሰውዬው ፊቱ ቅጭም አለ፤ «ይህ አድማ ነው» አለ። አንድ ቃጫ ተሸካሚያችንን ወስደው ሁለት ቀን አቆዩት። ሲመለስ ለብዙ ጊዜ ከማንም ጋር አላወራም።

ከዚያ በኋላ ነው መላ የዘየድኩት። ሠራተኛውን ሰብስቤ፣ አማርኛ ለማይሰሙት ጋሽ ማርቆስ በአሪኛ እየነገረልኝ፣ «እኔን እዩ፤ እኔ ሳጨበጭብ አጨብጭቡ፣ ሳቆም አቁሙ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት» አልኳቸው። ሠራ! ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጄን አነሳለሁ፣ ከኋላዬ አዳራሹ ይናጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልተነካብንም፤ እንዲያውም «ንቁ ሠራተኛ» ተብለን ተመሰገንን። የሠራተኛ ማህበሩ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩትም ለዚሁ ይመስለኛል፤ የተመረጥኩትም በጭብጨባ ነው። ኮራሁበት፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝና ደብዳቤ ሰጠኝ። የማህበሩ ሊቀመንበር ለትምህርት ተልኮ ስለነበር ሁሉም ነገር እኔ ላይ ወድቋል። ደብዳቤው ከበላይ መሥሪያ ቤት ነው። ሐሙስ ተወካይ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ፣ አጀንዳው «የማሽን ዝውውር» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ዓይኔን ሳያይ ነገሩን አስረዳኝ። ከአሁን በኋላ ጆንያ የሚመጣው ከውጭ፣ ከወዳጅ አገር ነው፤ የላስቲክ ጆንያ። የእኛ ማሽኖች ተነቅለው አገር ውስጥ ወዳለ ሌላ ፋብሪካ ይሄዳሉ። ሠራተኛው «በየሙያው ይመደባል» አለ፤ የት እንደሚመደብ ስጠይቀው ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ መመሪያው ሠራተኛው ሳይስማማ ማሽን አይነቃነቅም ይላል፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ለምን እንደነገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እሱም አንጀቱ አልቻለለትም ይሆናል።

ደብዳቤውን ይዤ በቀጥታ ወደ ጋሽ ማርቆስ ሄድኩ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።

«እንቢ ብንልስ?» አለ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዘመን እንቢ ይባላል እንዴ?»

ትንሽ አሰበና «እንቢ አንልም» አለ። «ጊዜ እንጠይቃለን። ቡናው እየተለቀመ ጆንያ አይቆምም። ቡናው እስኪያልቅ ተዉልን እንላለን። እስከዚያ ልባቸው ይመለስ ይሆናል።»

ዕቅዳችን ቀላል ነበር። ተወካዩ ተናግሮ ሲጨርስ እኔ አላጨበጭብም። አዳራሹ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጋሽ ማርቆስ ተነስቶ ይጠይቃል፤ ከሱ ቀጥሎ እኔ ተነስቼ «የማህበሩም አቋም ይኸው ነው» እላለሁ። «ማርያምን፣ እናገራለሁ» ብዬ ማልኩለት። «አትማይ፣ እሺ በይ ብቻ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሠራተኛውን በየሥራ ቦታው እየዞርን በሹክሹክታ ነገርናቸው፤ ሐሙስ የሺ አታጨበጭብም፣ እናንተም ዝም በሉ።

ከሴቶቹ መካከል ማርታ የምትባል ቃጫ ፋቂ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ። ከሁሉ አብልጣ የፈራችው እሷ ነበረች። ክንዴን ያዘችና «የሺ፣ ማሽኑ ከሄደ እኔ የት ነው የምሄደው?» አለችኝ። «አይሄድም» አልኳት። እንዴት ያለ አፍ ነው ያለኝ!

ሐሙስ ሆነ። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነበር። ዘበኛው ፊሽካውን ሲነፋ በአቅራቢያው ያለ ሰው ሁሉ ከብቱን ያባርራል፣ ሜዳው ይጸዳል፣ አውሮፕላኗ እየዘለለች ታርፋለች። ተወካዩ ወረደ። ክፉ ሰው እየጠበቅሁ ነበር፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ መነጽር ያደረገ ሰው ሆኖ አገኘሁት። የሁላችንንም እጅ እየዞረ ጨበጠ። የማርታን ቀይ ክንድ አይቶ «አይዞሽ፣ ይህ ሥቃይ ያበቃል» አላት። እሷ አልገባትም፤ እኔ ገብቶኛል።

አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ ቆመው ነበር። ድምፃቸውን ለምደን ዝምታው እንግዳ ሆነብን። ሰውዬው ከቦርሳው አንድ ነጭ የላስቲክ ጆንያ አውጥቶ ዘረጋና በየተራ እንድናየው ሰጠን። ቀላል ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ በትላልቅ ፋብሪካ በብዛት ስለሚመረት ርካሽ ነው አለ። እኛ አንዱን ለመሥራት የምንደክመውን ድካም እያነሳ ሲያዝንልን ቆየ። ጆንያው ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ጋሽ ማርቆስ ጋ ደረሰ። ሳበው፣ አልተቀደደም። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ቡና በዚህ ውስጥ አይተነፍስም» አለኝ። ይህንንም ሊናገረው እንዳሰበ አውቄያለሁ።

እኔ ከፊት ወንበር ነኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀምጬባቸዋለሁ። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። በልቤ የምናገረውን ደጋግሜ እየወጣሁ ነበር፤ «የማህበሩም አቋም ይኸው ነው፣ የማህበሩም አቋም ይኸው ነው»። ተወካዩ ንግግሩን እያጠናቀቀ መጣ። ስለ ሰፊው ሕዝብ አወራ፣ ስለ ወዳጅ አገሮች ትብብር አወራ። ደብተሩን ከፍቼ ዋና ዋናውን መጻፍ ነበረብኝና እጆቼን ከጭኔ ሥር አወጣሁ። ያቺ ናት ስህተቴ። ሰውዬው ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ አደረገ፣ ክንዱን ወደ ላይ ሰደደ፣ «ወደፊት!» አለ፤ የሁሉም ንግግር የሚያልቀው እንደዚያ ነበር።

እጄ አጨበጨበ።

ምን ልበላችሁ! እኔ አላዘዝኩትም። ብዕሩ ከጣቴ ወድቆ ደብተሩ ላይ ሲንከባለል አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ። ቶሎ አቆምኩ፤ ግን ከኋላዬ አዳራሹ ተናግቶ ነበር። ማርታ በኋላ እንደነገረችኝ «አንቺ ስታጨበጭቢ ነገሩ ተቀይሯል፣ አስቀርታዋለች ማለት ነው ብለን ነው»። ደስ ብሏቸው ነው ያጨበጨቡት! ከዚያ በፊት እንደዚያ አጨብጭበው አያውቁም። እኔ አቁሜ እንኳ አላቆሙም።

ጋሽ ማርቆስን አየሁት። ሊናገር ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ነበር፤ እንደዚያው ጎንበስ ብሎ ቀረ። ጭብጨባው ሲያልቅ እጁን አወጣ። ተወካዩ በትህትና «አባት፣ ጉዳዩ ጸድቋል፣ ጥያቄ ካለ በጽሑፍ ይቅረብ፣ እንቀበላለን» አለው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ጓድ ጸሐፊ፣ መዝግቢ፤ በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ» አለኝ። ብዕሬን አነሳሁ። ተነስቼ ልናገር የነበረውን አልተናገርኩም። ጻፍኩ።

አውሮፕላኗ ከሰዓት ተመልሳ ልትወስደው ነበር። ግን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ፣ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ በረራው ለነገ ጠዋት ተላለፈ። ሰውዬው ወደ እንግዳ ማረፊያው ሲሄድ «ቃለ ጉባኤውን አጽጂና ፈርመሽበት፣ ነገ ሜዳው ላይ አምጪልኝ» አለኝ። ደብተሩ እኔው ጋ ቀረ። አያችሁ፣ እግዜር አንድ ቀን ጨምሮልኝ ነበር።

የስፌት ጥግ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ማርቆስ መጥቶ አጠገቤ ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣኝም።

«እጅሽ ለምዶ ነው» አለኝ። «ደብተሩ አንቺ ጋ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሌላ ጻፊ። ሠራተኛው ቡናው እስኪያልቅ ጊዜ ጠይቋል ብለሽ ጻፊ። እኛ ልንል የነበረው እሱን ነው። እኔ ከሥር እፈርማለሁ።»

«ጋሼ፣ ቢይዙህስ?»

«የምናገረው ስለ ቡና ነው» አለ። «ስለ ቡና የተናገረን ሰው ምን ያደርጉታል?»

ጻፍኩት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየደበደበ፣ በጥሩ ጽሑፌ፣ አንድ ገጽ። ጋሽ ማርቆስ ብዕሩን ይዞ ስሙን በጥንቃቄ፣ ፊደል በፊደል ጻፈና ፈረመ። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። ነገ አብሬሽ ልምጣ ወይ አለኝ፤ አያስፈልግም አልኩት። በዚያች ሰዓት፣ እውነቴን ልንገራችሁ፣ ልቤ ቆርጦ ነበር።

ጠዋት ተነሳሁ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው፣ ትላንት ጋሽ ማርቆስ ከመምጣቱ በፊት ከደብተሩ በንጹህ የገለበጥኩት ቃለ ጉባኤ፣ በፋይል ውስጥ ነው፤ ጋሽ ማርቆስ የፈረመበት ደግሞ በደረቴ፣ ከቀሚሴ ሥር። ፋይሉን ለምን ይዤ እንደወጣሁ አሁን አሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ቤት ጥዬው መውጣት እችል ነበር እኮ። መንገድ ላይ የምለውን አሰላሰልኩ፤ «ጓድ፣ ትላንት የተሳሳተ ነገር ነው የተመዘገበው።» ብዙም አይደለም፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሜዳው ላይ ስደርስ ሣሩ ርሷል፣ ዘበኛው ከብት እያባረረ ነው፣ ተወካዩ ቦርሳውን ይዞ ቆሟል። አውሮፕላኗ ከሩቅ ትሰማለች።

«እንዴት አደርሽ ጓድ የሺ? ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አላስፈራራኝም። ዓይኑን አላፈጠጠብኝም። አንድ ክፉ ቃል ቢወጣው ኖሮ ለራሴ «አስገድዶኝ ነው» እል ነበር። እሱ ግን ፈገግ እንዳለ እጁን ዘርግቶ ቆመ። እኔ ደግሞ ያን ሁለት ቀን ቆይቶ የመጣውን ተሸካሚ አሰብኩ፣ እናቴን አሰብኩ። ጋሽ ማርቆስንም አሰብኩ፤ ፊርማው ነው ጣጣ የሚያመጣበት፣ ለሱው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ፋይሉን ከፍቼ የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጠሁት። «አልፈረምሽበትም» አለኝና የራሱን ብዕር አቀበለኝ። በፋይሉ ጀርባ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። «ጎበዝ» አለኝ። ተሳፈረ፣ ሄደ። ከብቱም ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ከዚያ በቀጥታ ቤቴ ገባሁና የጋሽ ማርቆስን ወረቀት እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ቶሎ ነደደ።

ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት ጋሼ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «አየውና ቀደደው።»

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ። «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» አለኝ። ወዲያው ገብቶ ለሠራተኛው ሁሉ ተናገረ፤ የሺ በድፍረት ሰጥታው ነበር፣ ሰውዬው ቀደደባት። ሴቶቹ መጥተው አቀፉኝ። ማርታ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ልቅሶው እውነተኛ ነበር፣ ምክንያቱ ነው ውሸት።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሎሪ መጣ። ከነሱ ጋር የመጣው መካኒክ የመጀመሪያውን ማሽን በመዶሻ ሲጀምረው ጋሽ ማርቆስ ቆሞ ማየት አልቻለም። መፍቻውን ተቀበለውና ራሱ ፈታው። እያንዳንዱን ዕቃ በጠመኔ ቁጥር እየጻፈበት፣ መጨረሻ በሸመንነው ጆንያ እየጠቀለለ፣ ስድስት ቀን ሙሉ። ጭነቱ ሲያልቅ ለሹፌሩ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ መንገዱ ያንገጫግጫል» አለው። ሎሪዎቹ ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማሽኖቹ ደረሱበት በተባለው ፋብሪካ ይተከሉ ወይ ዝገው ይቅሩ ያወቀ ሰው አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ የላስቲኩ ጆንያ መጣ፤ ይኸው «ማዳበሪያ» የምንለው፣ እህሉም ከሰሉም የሚታጨቅበት። ገበሬው ቃጫውን ከአጥሩ ነቀለ። በየሙያው ይመደባል የተባለው ሠራተኛ የተመደበበት ቦታ የለም። የተመደብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያ ትሁት ሰውዬ ስለ ቃለ ጉባኤ አያያዜ አመስግኖ ጽፎልኝ ኖሮ፣ አውራጃው ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማርታ እንጨት እየለቀመች መሸጥ ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጥታ ስድስት እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ለኛ ብለሽ ስለተጋፈጥሽ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም» አለችኝ። ተቀበልኳት። አልቀበልም ብል ምን ብዬ?

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለቢሮ ሥራ በሎሪ ወደ ቱርሚ ስንሄድ መንገድ ላይ ባለችው በቀይ አፈር ከተማ የሐሙስ ገበያ ላይ ቆምን። ጋሽ ማርቆስን አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አየሁት። ሸሚዙ አርጅቶ ሽበቱ ከመጨመሩ በስተቀር ያው ነው። በእጁ የፋቀውን ቃጫ ጭኑ ላይ እየፈተለ የጥጃ ገመድ ይሸጣል። ከጎኑ ሌላ ሻጭ የናይለን ገመድ ቀይና ሰማያዊውን ዘርግቶ ሰው ተኮልኩሎበታል። እሱ ጋ ማንም የለም።

አየኝና ፊቱ በራ። ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ አጠገቡ ላለችው ሻጭ «ይህቺ የሺ ናት፣ ያቺ የነገርኩሽ፣ ለኛ ብላ ወረቀቱን የቀደዱባት» አላት። ሴትዮዋ ብድግ ብላ ጨበጠችኝ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። የሱ ችግር ሳይሆን ኩራቱ ነው ያቃጠለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሴትዮዋ ወደ ዕቃዋ እስክትዞር ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን አልቀደደውም» አልኩት። «አልሰጠሁትም። ፈርቼ የመጀመሪያውን ሰጠሁት፣ ፈረምኩለትም። ያንተን እቤቴ አቃጠልኩት።»

ጭኑ ላይ ያለው እጁ ቆመ። ገበያተኛው ይጯጯሃል፣ የኛ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል። ጋሽ ማርቆስ ቃጫውን ጠቅልሎ መሬት ላይ አኖረው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

«ስንቱ ነገር ሲሄድብኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ቢያንስ አንዲት ሰው ተጋፍጣልናለች እያልኩ ነበር የምጽናናው። ይህን ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አላየኝም። ቃጫውን አንስቶ መፍተሉን ቀጠለ። ሎሪው ላይ የወጣሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «የሺ፣ እነሱ እንደሆነ ማሽኑን ከመውሰድ አይመለሱም ነበር» ትሉኝ ይሆናል። ባሌም፣ ነፍሱን ይማረው፣ ይህንኑ ይለኝ ነበር። ልክ ሊሆን ይችላል። ጆንያው ከባሕር ማዶ በርካሽ ሲመጣ አንዲት የጂንካ ሴት በአንድ ገጽ ወረቀት ታቆመዋለች ብዬ አላምንም። ቢሆንም ቀምተው ይውሰዱት ነበር እንጂ እኛ አጨብጭበን አንሸኘውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የማህበርም የዕድርም ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሳላነሳ ወጥቼ አላውቅም። ሰው አሰልችቻለሁ፤ «መጣች ደግሞ» ሲሉ እሰማለሁ። ይበሉ። አሁን መናገር ቀላል ነው፤ ዋጋ በሚያስከፍልበት ቀን ግን ዝም ብያለሁ።

ጋሽ ማርቆስ ከሞተ ቆይቷል። ለቅሶው ላይ ስሄድ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ለሰው ነግሯቸው ከሆነ እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን አያለሁ ብዬ። ለማንም አልነገረም። የድሮ ሠራተኞች ወንበር ለቀቁልኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው መሃል አስቀመጡኝ። እሱ ያን ውሸቴን ይዞልኝ ነው አፈር የገባው። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ «ወረቀቱን የቀደዱባት ሴት» እየተባልኩ እኖራለሁ።

ማርታ አለች፣ አርጅታለች። ማንበብ አትችልም፤ ልጆቿ ግን ያነባሉ። ይህን ወረቀት ሲያገኙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡላት። ማርታ እህቴ፣ ወረቀቱን ማንም አልቀደደብኝም።